አያ ጅቦና ማለቂያ የሌለው ወረፋ

አንድ ጊዜ፣ ቆላው ደርቆ ምንጮች በተራ በሚከፈቱበት ዘመን፣ አራዊት ሁሉ በየማለዳው «ዛሬ ውሃ ያለው የት ነው?» ብለው በስልክ የሚጠይቁት አንድ ሰርቨር ነበራቸው። ሰርቨር ማለት ለጠየቀ ሁሉ መልስ የሚሰጥ ማሽን ነው፤ የዚህኛው አለቃ አያ ጅቦ፣ ሠራተኛዋ ደግሞ አህያ ነበሩ።

ጠያቂው በዛ። ወረፋው ሲሞላ የተረፈው «ሞልቷል» እየተባለ ይመለሳል። አህያ ይህን ባየች ቁጥር ሆዷ ይባባል።

«ምን ያስተክዝሻል?» አላት አያ ጅቦ። «ወረፋውን ማለቂያ የሌለው አድርጊው! የእያንዳንዱን ጣሳ ደግሞ በርሜል አድርጊው!»

ጣሳ ያለው ሰርቨሩ ለየጠያቂው መልስ የሚቀዳበትን የሜሞሪ ቦታ ነው።

«የምንጭ ስም እኮ ትንሽ ነገር ናት፤ በርሜል ምን ያደርግላታል?» አለችው አህያ።

«ትልቅ ነገር መቼ ጎድቶ ያውቃል!»

አህያም ማንንም መመለስ አትወድምና እሺ አለች።

በማግስቱ ሁሉም ገባ። በርሜሎቹ ግን ሜሞሪውን ሞልተው ሰርቨሩን መፈናፈኛ አሳጡት። ሚዳቋ ግልገሏን ከጎኗ አስቁማ «ይጠብቁ» የሚለውን እያየች ጠበቀች፣ ጠበቀች። ፀሐይዋ ስትከር ስልኳን ዘግታ በግምት ወደ አንዱ ምንጭ ሄደች። ደረቅ ነበር። ሰርቨሩም ጥለውት ለሄዱት መልስ ሲያዘጋጅ ዋለ፤ ገና ያሉትም ወረፋ ላይ ቀሩ።

ከሰዓት በኋላ ሚዳቋ ወደ አህያ መጣች። ግልገሏ መቆም አቅቶታል።

«አንቺ አህያ፣ ምነው ባባረርሽኝ! ቶሎ ‹ሞልቷል› ብትዪኝ እኮ ደግሜ እሞክር፣ ካልሆነም ጎረቤት እጠይቅ ነበር።»

ይሄኔ ቀበሮ ከኋላዋ ብቅ አለች።

«እኔማ አያ ጅቦ በወረፋው ሲኮራ ሳየው ነገሩ ገባኝ» አለች ቀበሮ እየሳቀች። «ዝሆንን ተከትዬ ጠጥቼ መጣሁ። ነይ ላሳይሽ፣ ዱካው ገና አልጠፋም።»

እነሱ ሲሄዱ አህያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጣሳውን መልሱን በሚይዝበት ልክ አደረገችው። ወረፋውንም ትዕግሥታቸው ሳያልቅ ልትደርስላቸው በምትችለው ቁጥር ወሰነችው። ከዚያ በላይ የመጣው ወዲያው «ሞልቷል» ይባላል።

«ደግሞ ልትመልሻቸው ነው? አይከፋሽም?» አላት አያ ጅቦ።

«ይከፋኛል። በከንቱ ሲጠብቁ ማየት ግን ይብሳል።»

በነጋታው ሚዳቋ መጀመሪያ «ሞልቷል» ተባለች። ጥቂት ቆይታ ደግማ ሞከረች፤ ግልገሏ አንዴ አዛግቶ ሳይጨርስ የምንጩ ስም መጣላት። ረፋድ ላይ ግልገሉ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ይጠጣ ነበር፤ እናቱ «በቃህ» ብትለውም ቀና አላለም።

ከዚህ የምንማረው፣ ልንደርስለት የማንችለውን ሁሉ ተቀብሎ ከማስጠበቅ ይልቅ አቅምን አውቆ «አሁን አይሆንም» ብሎ ቶሎ መናገር ደግነት መሆኑን ነው።