በፈንቴና በአላምረው መካከል የቀረችው ስንዝር

በእኛ አገር ሁለት ሰው በማይረባ ነገር ሲነታረክ፣ በዚያ የሚያልፍ ሽማግሌ አንዲት አባባል ጣል ያደርግባቸውና መንገዱን ይቀጥላል። ተነታራኪዎቹ ወይ ይስቃሉ ወይ ይቆጣሉ። እኔ ግን አባባሏን በሰማሁ ቁጥር «ቆይ፣ ወንዝን እዚህ ውስጥ ምን ዶለው?» እያልኩ ስገረም ኖሬያለሁ። የጠየቅኳቸው ሁሉ «የአባቶች ነገር ነው» ብለው ያልፉኛል። የአባቶች ነገር መሆኑንማ እኔም አላጣሁትም። በመጨረሻ መነሻዋን የነገሩኝ ሰንበሌጢት ወንዝ ዳር ያደጉ አንድ አዛውንት ናቸው።

ሰንበሌጢት በበጋ ፍየል እንኳ ጉልበቷን ሳታረጥብ የምትሻገራት ወንዝ ናት። ክረምት ሲገባ ግን የደጋውን ዝናብ ሁሉ ይዛ ትወርድና ሜዳው ላይ ትተኛበታለች። ሦስት ዓመት በተከታታይ አዝመራውን ከወሰደችባቸው በኋላ የመንደሩ ሰዎች ተሰብስበው መከሩ፤ በዳርና ዳሯ የአፈር ግድብ ሊሠሩ ተስማሙ። ወንዟን ለማስቆም አይደለም፣ እሷን ማን ያስቆማታል፤ በመሄጃዋ ይዞ ለማሳለፍ ነው እንጂ።

ሥራውን እንዲመሩ የውሃ አባት ተብለው የተመረጡት አያ ደምለው ነበሩ። አያ ደምለው ፊደል አልቆጠሩም፤ ጎርፍ ግን ያነባሉ። ጥርን ሙሉ ወንዙን ዳር ለዳር ሲሄዱበት ከረሙ። ዳር ባለ ሾላ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረውን የአምና ገለባ ያዩና «እዚህ ድረስ መጥታለች» ይላሉ፤ ከዚያ በላይ ሁለት ክንድ ጨምረው ካስማ ይተክላሉ። የግድቡን ወርድ ከታች ስምንት ክንድ፣ ከላይ ሦስት ክንድ አደረጉት። ሥራውንም ደለደሉ፤ እያንዳንዱ ገበሬ በማሳው ፊት ለፊት ያለውን ይሠራል፣ መሬት የሌለው ጭቃ ይረግጣል፣ አፈር ያመላልሳል።

ጥሩ ዕቅድ ነበር። ያልታሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወሰን። በዚያ አገር በሁለት ማሳ መካከል ያለችው ሣር የለበሰች መስመር አትነካም። አትታረስም፣ አፈርም አይደፋባትም። አፈር የደፋባት ሰው «የእኔ ናት» እንዳለ ይቆጠራል፤ ወሰን የገፋ ደግሞ የተረገመ ነው። እንግዲህ ግድቡ እየተሠራ ወሰን ላይ ሲደርስ ምን ይደረግ? ጎረቤት ከጎረቤት በተስማማበት ቦታ ሁሉ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ሁለቱም አንዳንድ ቅርጫት አፈር ይዘው መጡ፣ አብረው ደፉ፣ ተሳስቀው አለፉ።

ፈንቴና አላምረው ግን ሰባት ዓመት በወሰን ሲካሰሱ የኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ሥራውን አልለገሙም። እንዲያውም ከወንዙ ዳር ሁሉ የእነሱን ያህል ያማረ ግድብ አልነበረም፤ መቼም ቅናት ጥሩ ግንበኛ ነው። ሁለቱም ጫፋቸውን በካስማና በጭራሮ አጥረው፣ በጭቃ መርገው፣ ልክ ወሰኗ ላይ ሲደርሱ አቆሙ። በመካከል ስንዝር የምታህል ክፍተት ቀረች።

ግንቦት ላይ አያ ደምለው ሥራውን ሊያዩ ሲመጡ እጃቸውን ቢሰዱ እስከ ትከሻቸው ገባ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ወሰን ናት» አለ ፈንቴ።

«ወሰን ናት» አለ አላምረውም ከወዲያ።

«ተመስገን፣ በአንድ ነገር ተስማማችሁ። በል ፈንቴ፣ ድፈናት።»

«እኔ ብደፍናት፣ ወሰን ገፋ ብሎ ይከሰኛል።»

«እንዴታ፣ እከሰዋለሁ» አለ አላምረው።

«እንግዲያ አንተ ድፈናት።»

«ያን ጊዜ ደግሞ እሱ ይከሰኛል።»

«እንዴታ» አለ ፈንቴ።

አያ ደምለው ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩና «እኔ ልድፈናት። እዚህ መሬት የለኝ፣ ማን ይከሰኛል» አሉ።

«አፈሩን ከየት ሊያመጡ ነው?» ሲል ጠየቀ ፈንቴ።

«ከዚሁ ከአጠገብ ነዋ።»

«ከእሱ ማሳ ካመጡት አፈሩ የእሱ ነው። የእሱ አፈር የተኛበት ቦታ ደግሞ ነገ የማን ሊባል ነው?»

ከሁለቱም ማሳ እኩል እኩል ቅርጫት ይምጣ ተባለ። ይሄ ሊሳካ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሁለቱም ቅርጫታቸውን ሞልተው መጡ፤ ክፍተቷ ዳርና ዳር ቆሙ። ማን ይቅደም? «ቀድሞ የደፋ ቀድሞ የያዘ ነው» አለ አላምረው። «አንድ ላይ ድፉ» ቢሏቸው፣ ፈንቴ የጎረቤቱን ቅርጫት አንገቱን አስግጎ አየና «የሱ ይበልጣል» አለ። ቅርጫቶቹ እንደሞሉ ወደ መጡበት ተመለሱ።

ከክፍተቷ በታች፣ በዝቅተኛው መሬት ላይ፣ እትዬ ብርቄ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ጎጆ ነበረቻቸው። ወደ ፈንቴ ሄዱ።

«ልጄ፣ እኔ ወሰን የለኝም፤ ጎጆ ግን አለኝ። ውሃ በዚያች ቀዳዳ ከገባች መጀመሪያ የምታንኳኳው የእኔን በር ነው።»

«እትዬ ብርቄ፣ ለእርስዎ ብዬማ ዛሬውኑ እደፍናት ነበር። ምን ላድርግ፣ ርስት ነው።»

ወደ አላምረው ሄዱ።

«እሱ ምን አለዎት?» አላቸው።

«ርስት ነው አለኝ።»

«እኔስ ከሜዳ የተገኘሁ መሰልኩዎት?»

እትዬ ብርቄ ሁለቱንም ትተው ሣር አጭደው፣ ነዶ ነዶ አስረው፣ ክፍተቷን ወተፏት። በማግስቱ አላምረው አየና «ይህ ሣር ከየት ታጨደ?» አለ። ከፈንቴ ማሳ ዳር ነው አሉት። አንድ በአንድ እየመዘዘ ወደ ፈንቴ ወገን ደረደረለት። የሰው ሣር አይነካማ፤ ጨዋ ሰው ነው። እትዬ ብርቄ ያን ባዩ ጊዜ ነገሩ ገባቸው፤ ሽምብራቸውን በአህያ ጭነው ከፍታው ላይ ካለችው እህታቸው ቤት አስቀመጡ። ጎጆ ግን በአህያ አይጫንም።

ነሐሴ ላይ ሰንበሌጢት መጣች። ግድቡ ከላይ እስከ ታች ቻላት፤ አያ ደምለው የተከሏት ካስማ ላይ እንኳ አልደረሰችም። በዚያች ስንዝር ግን መጀመሪያ እንደ ክር፣ ቀጥሎ እንደ ገመድ ሆና ገባች። ፈንቴና አላምረው ዶማቸውን ይዘው እየሮጡ ደረሱ። ያን ዕለት ማን ቀድሞ እንደ ደፋ፣ አፈሩ የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። የደፉትን ግን ውሃው ከእጃቸው እየተቀበለ ወሰደው። ከዚያ ያን የመሰለ ጫፋቸውን ከግራም ከቀኝም ይጎርሰው ጀመር። እኩለ ቀን ሳይሆን ክፍተቷ እንደ አውድማ ሰፋች። የእትዬ ብርቄ ጎጆ ግድግዳዋ ሟሟ፤ ክዳኗ ብቻ ነፋስ እንደጣለው ባርኔጣ ሜዳውን እየተንሳፈፈ ሄደ።

መስከረም ሲጠባ ውሃው ጎደለ፤ ወንዟ ግን አዲሱን መንገድ ወደደችው። በሁለቱ ሰዎች መሬት መካከል ለመካከል አዲስ መሄጃ ቆፍራ፣ የተረፈውን አሸዋ አለበሰችው። የሁለቱ መሬት ሲደመር አንድ ጋሻ ይሞላ ነበር ይላሉ፤ ከዚያ ለእርሻ የሚሆን የቀረው ዶሮ ጭራ የምትጨርሰው ነው።

ሽማግሌዎች ጉዳቱን ሊያዩ ወረዱ። ፈንቴ በወዲህ ዳር፣ አላምረው በወዲያ ዳር ቆመው ነበር። አያ ደምለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ለመሆኑ ወሰኗ የት ላይ ነበረች?» ሲሉ ጠየቁ። ሁለቱም ጣታቸውን ዘረጉ። ጣቶቹ የወንዙን መካከል፣ አንድ ቦታ አመለከቱ፤ በሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

ለአዲስ ጎጆ የሚሆን ማገር ተሸክመው በዚያ ሲያልፉ የነበሩት እትዬ ብርቄ ሸክማቸውን አወረዱ፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን አዩና እንዲህ አሉ፦ «በስንዝር ተጣልተው፣ ጋሻውን ለወንዝ ሰጥተው።»