የባዶው ወንበር ክፍያ

ምላሱ ከመጋዙ የሰላ አንድ አናጢ ነበር። ልጁ የግል ኮሌጅ በገባች በሳምንቷ ታማ ሆስፒታል ተኛች። ትምህርቷን ስታቋርጥ፣ አባት የሐኪም ወረቀት ይዞ የከፈለው እንዲመለስለት የኮሌጁን ዲን ለመነ።

ዲኑ ወረቀቱን ሳያነቡ ገፋ አደረጉት። «ልጅህ ብትቀርም ወንበሯን ለሌላ አልሰጠንም። ወንበሩ አንድም ቀን ሳይቀር ትምህርቱን ተከታትሏል፤ የከፈልከው ለእሱ ነው» ብለው በገዛ ቀልዳቸው ሳቁ። ጸሐፊያቸውም ቸግሯት አብራ ሳቀች።

አናጢው ገንዘቡ እንደማይመለስ ገባው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ዲኑን ከእግር እስከ ራስ ቃኛቸው።

«ጌታዬ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወንበር ስሠራ፣ ወንበር ተምሮ የት እንደሚደርስ አላውቅም ነበር» አለ። «ለካ ዲን ይሆናል!»