ኢዮብ ነኝ ያለው አህያ

በድሮ ጊዜ፣ እኔ እንኳ ሳልወለድ (ምን ያስቃችኋል? እኔም ተወልጃለሁ!) ስሙን በረሳሁት አገር አንድ የቄስ አህያ ነበረ። ዕድሜውን ሙሉ እህል ወደ ወፍጮ፣ ውሃ ከወንዝ፣ እንጨት ከጫካ ሲያመላልስ ኖረ። ቄሱ ሲቀድሱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ታስሮ መጽሐፍ ሲነበብ ስለሚሰማ፣ ራሱን እንደ ሊቅ ይቆጥር ነበር።

አርጅቶ ጉልበቱ ሲከዳው እንደ አገሩ ደንብ ሜዳ ላይ ተለቀቀ። ጡረታ ነው እንግዲህ! እኔንም ልጆቼ አላባረሩኝም እንጂ፣ ጉልበቴን ካያችሁት ያው ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ዝናብ ሲያባርረው ዋሻ አገኘና ዘው አለ። ለካ የአያ ጅቦ ቤት ነው! ዞሮ ሊወጣ ሲል አያ ጅቦ ጭራውን ግጥም አድርጎ ነከሰው።

«አያ ጅቦ፣ እኔማ አልበላም፤ እኔ ዮሴፍ ነኝ» አለ አህያው። «በውርንጭላነቴ ከእናቴ ነጥለው ገበያ አውጥተው ሸጡኝ።»

«እህ፣ ከዚያስ?» አለ አያ ጅቦ ጭራውን በጥርሱ እንደያዘ።

«ከዚያማ እንደ እስራኤል ልጆች በባርነት ጭቃና ድንጋይ ተሸከምኩ።»

«እህ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ኢዮብ ሆንኩ። ጀርባዬ ቆሰለ፣ ቁራ ቁስሌን ጠነቆለኝ፣ ቤቴንም አጣሁ። ጅብ ኢዮብን በላ የሚል ደግሞ የት ተጽፏል?»

«ኢዮብ ከሆንክማ ታገሣ!» አለና አያ ጅቦ ወደ ውስጥ ይጎትተው ጀመር።

ወይ ጉድ! ራሱ በጠቀሰው መጽሐፍ ተያዘ። መሞቱን ሲያውቅ ያ ሁሉ ጉራው አስጠላው፤ ሳቁም መጣበት።

«ተወው አያ ጅቦ፣ ዋሽቼ ነው። ምን ዮሴፍ ነኝ! ዮሴፍ ከጲጥፋራ ሚስት ሸሸ፤ እኔ የጎረቤት አህይት ባየሁ ቁጥር ከነጭነቴ ነው የምከተላት። የሰንበቴውን ጠላ ገደል የከተትኩት በእሷ ጦስ ነው።»

አያ ጅቦ በአፍንጫው ፍንን አለ።

«ምን እስራኤል ነኝ! ለእነሱ ባሕር ተከፈለላቸው፤ እኔ ቦይ እንኳ ያለ ዱላ ተሻግሬ አላውቅም።»

የአያ ጅቦ ትከሻ ተንቀጠቀጠ።

«ኢዮብንማ ተወው! እሱ ያን ሁሉ ቁስል ችሎ ፈጣሪውን አመሰገነ። እኔ ዝንብ ስታርፍብኝ አገር እስኪሰማ ነው የማናፋው። ይኸውልህ!» ብሎ አናፋው።

አያ ጅቦ አልቻለም፤ አፉን በልቅጦ ሳቀ። ጭራው ሲለቀቅ አህያው በኋላ እግሩ መንጋጋውን ጠልዞት ወደ ዝናቡ ወጣ። ያ ጉልበት ከየት እንደመጣ እሱም አያውቅ።

«ኧረ ኢዮብ፣ ታገሥ!» ብሎ ተጣራ አያ ጅቦ።

«ኢዮብ ሌላ ነው፣ እኔ አህያ ነኝ!» እያለ ጋለበ።

ለዚህ ነው እኔም «አባባ፣ እርስዎ ስንቱን ቻሉት!» ስትሉኝ ኢዮብን ወደ አፌ የማላመጣው። ማን ጥርሱን ስሎ እንደሚሰማ ምን ይታወቃል?

ኢዮብ ነኝ ያለ፣ ታገሥ ተባለ፤
በራሱ የሳቀ፣ ከጅብ ተላቀቀ።