ትብለጥና የሰንበሌጥ ድልድይ

በእኛ በሾላ በር ሰው ለምርጫ ሲታጭ ሽማግሌዎቹ የሚሏት አንዲት አባባል አለች። የሌላ አገር ሰው ሲሰማት ቤት እንድትመታ ብቻ የተገጠመች ይመስለዋል። እኛ ግን ከየት እንደመጣች እናውቃለን፤ የተባለችላትም የራሳችን ሰው ናት።

ትብለጥ አድማሱ የጤና ጣቢያችን አዋላጅ ነበረች። ሰንበሌጥ የሚባለው ወንዛችን ክረምት ሲሞላ ከሆስፒታል ይቆርጠናል። በቃሬዛ የወረደች ወላድ ማዶውን እያየች ዳር ላይ የቀረችበት ጊዜ አለ፤ ትብለጥም እንዲህ የቀሩትን በገዛ እጇ ገንዛለች። ለክልሉ ምክር ቤት ስንመርጣት ይዛ የሄደችው ይህንኑ ነበር።

እዚያም አቋሟ አልተለወጠም፤ ከሁሉ በፊት ለገጠሩ ድልድይ፣ ለየጤና ጣቢያው አዋላጅ፣ ለአዋላጇም ማደሪያ ቤት ትል ነበር። ለከተማው ትልቅ የስብሰባ አዳራሽ ይሠራ የሚል እቅድ ሲቀርብ ብቻዋን ተነሥታ፣ «አዳራሹ ለከርሞም ይደርሳል፤ ምጥ ግን ቀጠሮ አይሰጥም» አለች። ድምፅ ሲሰጥ ተሸነፈች። አንዳንዶቻችንም ወሬ ብቻ ይዛ ተመለሰች ብለን አማናት።

እሷ ግን ጉባኤው በተበተነ ቁጥር እየመጣች፣ ጧት ከእኛ ጋር ለድልድዩ ድንጋይ ስትሸከም፣ ከሰዓት ስታዋልድ ከረመች። ሕዝቡ ድንጋዩን ካቀረበ ቀሪውን መንግሥት ይቻል ብላ ወተወተች። በመጨረሻ ከምክር ቤቱ አይቶ የሚመለስ ኮሚቴ ተላከ።

የመጡት በሐምሌ፣ ሰማዩ በጠቆረበት ቀን ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ገና ከመኪና ሲወርዱ ቸኩለዋል። ትብለጥን ቢፈልጓት የለችም፤ ተረኛዋ አዋላጅ ታማ ስለቀረች ምጥ የጠናባት ሴት ዘንድ ገብታለች። ሰብሳቢው ተቀየሙ። ጠርታን ካልተቀበለችን ወንዙ ሳይሞላ እንመለስ አሉ። ይህን ሲሰሙ የሰፈራችን ሽማግሌ አያ ደርበው ሊጠሯት ሮጡ።

ከመጋረጃው ውጭ ቆመው የሆነውን ነገሯት። እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አያ ደርበው፣ ድንጋዩን እርስዎ ያሳዩልኝ። ይህችን ጥዬ ብወጣ ስለ ማን ልናገር ነው?» አለቻቸው።

አያ ደርበው ቃሏን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ አደረሱ። ሰብሳቢውም መኪናቸውን ትተው ወደ ጤና ጣቢያው ወጡና ከሴትዮዋ ባል አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ዝናቡ ወረደ፤ ሰንበሌጥም እያገሳ መንገዱን ዘጋው።

«ቢብስባትስ በየት ትወስዳታለህ?» ብለው ባልየውን ጠየቁት።

ሰውየው እጁን ወደ ወንዙ ዘረጋ።

ብዙም ሳይቆይ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ትብለጥ ላቧን እየጠረገች ወጥታ፣ እንግዶቹን ይቅርታ ጠይቃ ስለ ድልድዩ ልታስረዳ ስትጀምር ሰብሳቢው ከመቀመጫቸው ተነሡላት።

«ይበቃል፣ ወይዘሮ ትብለጥ። አይቼዋለሁ» አሏት።

በሚቀጥለው ጉባኤ ስለ ድልድዩ ቀድመው የተናገሩት እሳቸው ሆኑ። ዛሬ በሰንበሌጥ ላይ አምቡላንስ ክረምት ከበጋ ይመላለሳል፤ እኛም ስንሻገር አንገታችንን ቀና አድርገን ነው።

ድልድዩ የተመረቀ ዕለት አያ ደርበው እንዲመርቁ ተጠየቁ። ያማናት ሁሉ አንገታችንን ደፍተን ቆመናል። እሳቸው ትብለጥን ከሰዉ መሃል ጠርተው እጇን ያዙና እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ከእንግዲህ ስትመርጡ እንዲህ ያለውን ምረጡ፤ አፉ ለምክር ቤት፣ እጁ ለጎረቤት።»