ዓሣዎቹ ያመሰገኑት ሰው

አንድ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ወደ እናቷ ቤት ስትሄድ አደራ ጣለችበት። ሳሎናቸው ጥግ ባለው የመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ ከጥፍር ሳይበልጡ ጀምራ ያሳደገቻቸው ወርቃማ ዓሣዎች ነበሯት።

«ዘገየ፣ አደራህን፤ ስመለስ እንዳላጣቸው» አለችው።

«እንዳሉ ነው የማስረክብሽ» ብሎ ቃል ገባላት።

ነጋዴው ሚስቱን ይወዳል። መውደዱን ደግሞ በትልቅ ነገር ማሳየት ይወዳል። ገንዳው ውስጥ የነበረችው ማጣሪያ ትንሽ ስፖንጅ ናት። ውጭ የተቀመጠ ፓምፕ እያጉረመረመ በቀጭን ቱቦ አየር ይነፋባታል፤ እሷም ቡልቅ ቡልቅ እያለች አረፋ ትተፋለች። «በዚህ ድምፅ ሕፃን አይተኛም» አለና ነቀላት። በምትኩ ከገበያው ትልቁንና ውዱን ማጣሪያ ገዝቶ ከገንዳው ወለል ላይ አስቀመጠ። ድምፅ የለው፣ አረፋ የለው። ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ ዓሣዎቹ ባዶ ቦታ ላይ የሚንሳፈፉ መሰሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሳሎን ሲገባ ዓሣዎቹ በሙሉ ከላይ፣ ከውሃው ገጽ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ነጋዴው ልቡ ተነካ። ሱቁ ውስጥ ሠራተኞቹ «እግዜር ይስጥልን» ሲሉት ደስ የሚለው ሰው ነው፤ የዓሣ ምርቃት ግን አግኝቶ አያውቅም። «እናንተ እንኳ ውለታ ታውቃላችሁ» አላቸውና ምግብ ጨመረላቸው። የበሉት ጥቂቱን ነው። የቀረው ታች ወርዶ መበስበስ ጀመረ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንወቅ፤ ቀላል ነው፣ ግን ብዙዎቻችን እንስተዋለን። የጠራ ውሃና አየር ያለው ውሃ አንድ አይደሉም። ዓሣ የሚተነፍሰው ውሃው ውስጥ የሟሟውን አየር ነው። ያ አየር ደግሞ የሚገባው በውሃው ገጽ በኩል ነው፤ ገጹ ሲናወጥ ብዙ ይገባል፣ ዝም ሲል ጥቂት። የሚበሰብስ ምግብ ያንኑ ጥቂቱን ይሻማል። ውዱ ማጣሪያ ቆሻሻውን ለቅሟል፣ ገጹን ግን አልነካውም። ትንሿ ስፖንጅ ሁለቱንም ትሠራ ነበር።

ነጋዴው ይህን ስላላወቀ ደስታውን ሊያካፍል ለሚስቱ ደወለ።

«ትርሲት፣ ዓሣዎችሽ ምን እንዳደረጉ ልንገርሽ? ከላይ ተሰብስበው እያመሰገኑኝ ነው።»

«እንዴት አድርገው ነው የሚያመሰግኑህ?»

«አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሌላ ምን ሊሆን ነው?»

«አረፋው አለ?»

«አነሳሁት። ለልጁ እንቅልፍ ብዬ ነዋ። ውሃውን ብታዪው መስታወት ነው፤ ንቅንቅ አይልም።»

«ዘገየ፣ የኔ ጌታ፣ ምስጋና አይደለም። ታፍነው ነው። አሁን ስልኩን አስቀምጥና ጣሳ ያዝ። ከገንዳው እየቀዳህ፣ ከፍ አድርገህ መልሰህ አፍስስበት። አንዱ እጅህ ሲዝል በሌላው። ከዚያ አሮጌዋን መልሳት። የተረፈውንም ምግብ አውጣ።»

«አዲሱንስ ልጣለው?»

«ምን በወጣው። የውሃ መውጫውን ወደ ላይ አዙረውና ገጹን ያናውጥ። እሱም እንጀራውን ሠርቶ ይብላ።»

ነጋዴው ሸሚዙ እስኪረጥብ ቀዳ፣ አፈሰሰ። ትልቋ ዓሣ በጎኗ ተጋድማ ነበርና ባያት ቁጥር ጣሳውን ያፈጥናል። አሮጌዋን ማጣሪያ መለሳት፤ አረፋው ወጣ፤ ገጹ ተናወጠ። ዓሣዎቹ ተራ በተራ ወደ ታች ወረዱ። ትልቋም ቆይታ ቆይታ ቀና አለችና ተከተለቻቸው። ከዚያ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውት ጠጠር ሲለቃቅሙ ዋሉ።

ነጋዴው መልሶ ደወለ። «ሁሉም ተርፈዋል» አላት። ቅር እንዳለውም አልደበቀም፤ «ግን አንዱም ዞር ብሎ አላየኝም።»

ሚስቱ ሳቀች። «እንግዲያማ ተንፍሰዋል። አንተስ አክስትህ እትዬ ደብሪቱ ሲያሳድጉህ፣ ምሳህን በልተህ በር ላይ ቆመህ ስታመሰግናቸው ትውል ነበር? ወደ ኳስህ ነው የሮጥኸው። እኔ ግን አመሰግንሃለሁ።»

ነጋዴው ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ለአክስቱ ደወለ።

«ምነው ልጄ፣ ደኅና ነህ?»

«ደኅና ነኝ፣ እትዬ። እንዲያው እግዜር ይስጥልኝ ልል ነው።»

«ለምኑ?»

«ለሁሉም።»

አፉን ከፍቶ የከበበን ሁሉ አመስጋኝ አይደለም፤ አንዳንዱ አየር ያጠረው ነው። ከመኩራታችን በፊት ምን እንደጎደለው እንጠይቅ። ጀርባውን ሰጥቶን የሄደም ሁሉ ውለታ ቢስ አይደለም፤ ምናልባት የሰጠነው አየር ደርሶት ወደ ኑሮው ሄዶ ይሆናል። እኛም እንዲሁ ጀርባችንን ሰጥተን የሄድንባቸው ሰዎች አሉ፤ ስለ እነሱ ተመስገን ነው። እስቲ አስቡት፤ ለእናንተ ውሃውን ያናወጠላችሁ ማን ነበር? ዛሬም በሕይወት ካሉ፣ ምን ትሏቸዋላችሁ?