የደማው ዳቦ

ዝግባ በር በሚባለው መንደር፣ ሰው የገዛ ጥፋቱን ተሸክሞ መጥቶ በሌላ ሰው ደጅ ሊያራግፍ ሲሞክር፣ ከተቀመጡት አንዱ ቀና እንኳ ሳይል ጣል የሚያደርጋት አጭር አባባል አለች። የሰማ ሁሉ ይስቃል። ሳቁ አይከፋም፤ ግን ያቺ አባባል ለአፍ እንዲህ ከመቅለሏ በፊት አንዲት ሴት ከቤቷ ልትነቀል ነበር። የሚስቅ ሰው ይህንንም አብሮ ቢያውቅ ደግ ነው።

ሴትዮዋ አጸደ ትባላለች። ባሏ በላቸው ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው ዳቦ ጋግራ ገበያ በማውጣት ነበር። ቤቷ ከግራዝማች አየናቸው ግቢ ጋር አንድ አጥር ይጋራል። ግራዝማች ሰፊ እርሻ ያላቸው፣ በማኅበርም በለቅሶም ከላይ የሚቀመጡ ሰው ናቸው። በዚያ ዓመት ግን ሰውነታቸው እያደር ከዳቸው። ከሱ። ውኃ ቢጠጡ ቢጠጡ አልረካ አሉ። እግራቸው ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል ወራት ቆጥራ አልሽር አለች። የወረዳው ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሰይፉ መርምሮ “ስኳር ነው” አላቸውና ኪኒን ሰጣቸው። ኪኒኑን ሳያጓድሉ ዋጡ፤ ስኳሩ ግን አልወርድ አለ። ድሬሰሩ ግራ ቢገባው አንድ ቀን፣

“ግራዝማች፣ እስቲ አፍዎን ይክፈቱልኝ” አላቸው።

“እኔ በቅሎ ነኝ? ዕድሜዬን ከጥርሴ ልታነብ ነው?” ብለው ተቆጥተው ወጡ። ዳግመኛም ወደዚያ አልሄዱም።

ከዚያ ወዲህ ሲናገሩ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጣል ያደርጉ ጀመር። ሰዉ ይህን የክብር ምልክት አድርጎ ወሰደው፤ እንዲያውም ጎልማሶቹ ልማዱን ቀዱት። በሽታውን ግን እያንዳንዱ እንደመሰለው ተረጎመው። ዓይን ነው ያለ አለ፤ ምቀኛ ነው ያለ አለ። ሁሉም ሩቅ ሩቁን ያይ ነበር።

በዚህ መሐል የግራዝማች በሬዎች አጥሩን ጥሰው ገብተው የአጸደን ጎመን ጨረሱት። አጸደ ነገር የምታድበሰብስ ሴት አይደለችም። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጠብቃ በሰው ፊት፣ “ግራዝማች፣ በሬ አጥር ሲጥስ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው” አለቻቸው። እሳቸው በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው አለፉ። ሰዉ ግን ቃሏን አልረሳትም፤ በኋላ የሚመነዘር ነገር አድርጎ አስቀመጣት።

የሚካኤል ማኅበር ተራ የአጸደ በሆነ ጊዜ እንግዲህ ነገሩ ፈነዳ። ስንዴውን ፍሬ በፍሬ ለቅማ አስፈጭታ፣ አቡክታ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ትልቅ ድፎ ዳቦ ደፋች። ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ። ለግራዝማች እንደ ወጉ ከቅርፊቱ ወፈር ያለው ቁራሽ ደረሳቸው። ጋቢያቸውን ዝቅ አድርገው ገመጡ፤ ገመጡና ፊታቸው ተለወጠ።

“ምንድን ነው ይሄ?”

ቁራሹን ከአፋቸው አርቀው ያዙት። ጥርሳቸው ባረፈበት ቦታ፣ ነጩ ዳቦ ላይ፣ ቀይ ነገር ተንጠባጥቧል።

“ደም ነው!” አለ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው። “ኧረ ዳቦው ይደማል!”

እጅ ሁሉ ካለበት ቆመ። የጎረሰውን የተፋ አለ። ግራዝማች ዓይናቸውን አፍጥጠው፣

“ምን አብልተሽኝ ነው፣ አንቺ ሴት?” አሉ።

“ዳቦ ነዋ፤ ያው የምታዩት ዳቦ ነው” አለች አጸደ። “ሁላችሁም ከአንድ ዳቦ ነው የተቆረሰላችሁ። እስቲ እያንዳንዳችሁ ቁራሻችሁን እዩ። የማን ደማ?”

ተያዩ። የማንም አልደማም።

“እንግዲያስ?” አለች አጸደ።

“ለሳቸው ነዋ የተደገመበት!” አለች አንዲት ሴት ከበሩ አጠገብ። “መተት እንደሆን የሚሄድበትን ያውቃል!”

“ጎመኑ ነው!” አለ ሌላው። “የጎመኑን ቂም ነው የተወጣችባቸው!”

የአጸደ እንግዶች ጽዋውን ሳይጠጡ፣ ምርቃቱን ሳይመርቁ እየተጋፉ ወጡ። ግራዝማችን ሁለት ሰው ደግፎ ወሰዳቸው። ሲገቡ በእግራቸው የገቡ ሰው፣ ሲወጡ የተደገፉት በዚያች አፍታ በሽታው ጨምሮባቸው ሳይሆን በድንጋጤ እንደሆነ ያስተዋለ አልነበረም።

ከማግስቱ ጀምሮ ዳቦዋን የሚገዛት ጠፋ። ገበያ ይዛው ወጥታ ይዛው ተመለሰች። ከእሷ እርሾ ተበድረው ሲያቦኩ የኖሩ ሴቶች እርሾውን ደጅ አውጥተው ደፉት። የሟች ባሏ እህቶች ሳይቀሩ መንገድ ላይ ስታገኛቸው ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ ያደርጉ ጀመር። አጸደ አላለቀሰችም። ያንን ዓይነት ለቅሶ በላቸው የሞተ ጊዜ ጨርሳዋለች። አሁን ያለባት ንዴት ነበር፤ እሱንም ቢሆን ሊጥ እንደሚታሽ በእጇ ስታሸው ዋለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ተጠራች። የማኅበሩ ሙሴ አቶ ገብረየስ፣ ማለት ማኅበሩን የሚመሩት ሰው፣ መሐል ተቀምጠዋል። ግራዝማች በቀኛቸው፣ የግራዝማች ባለቤት ብዙነሽ ከሴቶቹ መሐል፣ የዕድሜያቸው ልክ የማይታወቀው አሮጊት መነኩሲት እማሆይ ዘርትሁን ግንቡን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ድሬሰር ሰይፉም ከቅዳሴ ወጥቶ ከዳር ቆሟል።

“አጸደ፣ ነገሩን አናስረዝመው” አሉ ሙሴው። “ወይ በታቦቱ ፊት ቆመሽ፣ ምንም አላደረግሁም ብለሽ መሐላ ትፈጽሚያለሽ፤ ያለዚያ ከማኅበሩም ከመንደሩም ትወጫለሽ።”

“ብምልና ግራዝማች ነገ አንድ ነገር ቢሆኑስ?”

“በሐሰት ማለች ይባላላ።”

“ባልምልስ?”

“አጥፍታለች ይባላል።”

“ይህማ ለበግ የሚፈረድ ፍርድ ነው” አለች አጸደ፤ “ብትሮጥም ትታረዳለች፣ ብትቆምም ትታረዳለች። እኔ አልምልም። መሐላ ለተጠረጠረ ነው፤ እናንተ እኔን ጠርጥራችሁ መች አጣራችሁና! ፈርዳችሁ ጨርሳችሁ ነው የጠራችሁኝ። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ከግራዝማች ቤት፣ ሚስታቸው የጋገረችው ዳቦ ይምጣ። በእናንተ ፊት ከቅርፊቱ ይግመጡ።”

ጉምጉምታ ሆነ። ግራዝማች ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

“አልራበኝም” አሉ።

“የረሃብ ጉዳይ አይደለም፣ አንተ አየናቸው” አሉ እማሆይ ዘርትሁን ከግንቡ ሥር። “ሰው ከአገሩ ለማስወጣት ያልሰነፈ አፍ አንድ ጊዜ ለመግመጥ አይሰንፍም።”

ጎረምሶቹ ሳቁ። ሙሴው ወደ ብዙነሽ ዞሩ። ብዙነሽ ለመነሣት ዘገየች፤ ተነሥታም ወደ ባሏ አየች፤ ከዚያ ሄደች። ሻሽ የሸፈነው አገልግል ይዛ ስትመለስ መሬት መሬት ታይ ነበር። ሙሴው በራሳቸው እጅ ቆረሱና ለግራዝማች ሰጧቸው።

ግራዝማች ገመጡ። ከማላመጣቸው በፊት አጸደ ቁራሹን ከእጃቸው ቀበል አደረገችና ወደ ሰዉ ከፍ አድርጋ ያዘችው። በነጩ ላይ ቀይ ተንጠባጥቧል።

አጸደ “እህስ?” ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከወንዶቹ መሐል ድምፅ ቀደማት።

“ታዲያ ብዙነሽ ናታ!”

“እውነት ነው! አብራ የምትበላ፣ አብራ የምትተኛ፣ ከሷ ወዲያ ማን ሊያደርገው!”

“እኔ?” አለች ብዙነሽ። ጮኸች። “እኔ? በየማለዳው የትራሳቸውን ልብስ ደም የማጥበው እኔ?”

“የምን ደም?” አሉ ሙሴው።

“ከአፋቸው የሚወርደው ነዋ! ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ። ለሰው እንዳትናገሪ ብለውኛል። መፋቂያ እንኳ ከተዉ ስንት ጊዜያቸው!”

አጸደ ወደ ብዙነሽ ዞረች። ቀስ ብላ ነው የጠየቀቻት።

“ታውቂ ነበር?”

“አውቃለሁ።”

“ያን ዕለት፣ ቤቴ ውስጥ፣ ዳቦው ደማ ሲሉም?”

ብዙነሽ አንገቷን ደፋች። “ባሌ ናቸው፣ እትዬ አጸደ።”

“እኔስ? ጎረቤትሽ አልነበርሁም?”

እማሆይ ዘርትሁን በትራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉና፣ “ና አንተ ሐኪሙ። ከዳር ቆመህ አትይ። አየናቸው፣ ክፈት” አሉ። ግራዝማችን በእጃቸው አሳድገዋቸዋል፤ እንዲህ የሚያዛቸው ሌላ ሰው አገሩ ውስጥ አልነበረም።

ግራዝማች ጋቢያቸውን አወረዱ። አፋቸውን ከፈቱ። ከፊት የቆሙት ሽታው መትቷቸው ፊታቸውን አዞሩ። ድሬሰር ሰይፉ ጎንበስ ብሎ አየ። ድዳቸው አብጦ በስሏል፣ ከጥርሱ ላይ ሸሽቶ ሥሩን አጋልጦታል። ንጹሕ ጨርቅ በጣቱ ጠቅልሎ ቀስ ብሎ ቢጫነው ደምና መግል ወጣ። ከታች ያሉት የፊት ጥርሶች በጣት ይወዛወዛሉ።

“መፋቂያ ለምን ተዉ?” አላቸው።

“ሲነካው ይደማላ።”

“ስለሚደማ ነው የተዉት? ስለተዉት ነው እኮ የሚደማው!” አለ ሰይፉ። የዋህ የሚባል ልጅ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ድምፁ ከፍ አለ። “ጥርስና ድድ መሐል የተኛ ቆሻሻ ሳይነሣ ሲቀር ድዱን ያቆስላል። ቁስሉም አፍ ውስጥ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። ደም የሚመላለሰው በመላ አካል ነው። ስኳር ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይታመማል፤ ድዱ የቆሰለ ሰው ደግሞ ስኳሩ እሺ ብሎ አይወርድም። አንዱ ሌላውን ይመግበዋል። ልብም አይተርፍ ይሆናል። ኪኒኔ አልሠራ ብሎ ግራ የገባኝ ጊዜ አፍዎን ይክፈቱ ያልሁዎት ለዚህ ነበር። እርስዎ ግን በቅሎ ነኝ ወይ ብለው ሄዱ።”

“አሁንስ?” አሉ ግራዝማች። የትልቅ ሰው ድምፅ አልነበረም። “እድናለሁ?”

“ጥርስ ሐኪም ዘንድ እልክዎታለሁ። ያጸዳዋል፤ የሚነቀል ካለም ይነቅላል። እርስዎም በለስላሳ መፋቂያ ጠዋትና ማታ ቀስ እያሉ ይፍቁ፤ መጀመሪያ ቢደማም አይተዉ። ኪኒኑንም አይተዉ። የተጎዳው ሁሉ ይመለሳል አልልም። የቀረውን ግን እናተርፋለን።”

አጸደ ይህን ሁሉ የምትሰማው ቁራሹን እንደያዘች ነበር። በላቸውም ጠዋት ጠዋት ሲጉመጠመጥ ውኃው ቀላ ይል ነበር። የጥርስ ነገር ነው ተባብለው፣ አንዳንዴም ተሳስቀውበት ትተውታል። በኋላ ልቡ ደከመ። ያኛው ከዚህኛው ይገናኝ እንደሆነ የነገራት ሰው የለም። ድሬሰሩ አጠገቧ ቆሞ ነበር፤ መጠየቅ ትችል ነበር። አልጠየቀችም።

“ይሂዱ፣ ግራዝማች” አለች ብቻ። “ሐኪሙ ዘንድ ነገ ዛሬ ሳይሉ ይሂዱ።”

ግራዝማች ሊያዩዋት ሞከሩ፤ አልቻሉም። ሙሴው አቶ ገብረየስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰዉም ነገሩ እንዳለቀ ሁሉ ነጠላውን ማስተካከል ጀምሮ ነበር።

“በይ እንግዲህ አጸደ፣ ልብሽን አስፊው” አሉ ሙሴው። “ያለፈው አለፈ። እኛ ምን እናድርግ፤ ሰይጣን ነው ያሳሳተን። ይቅር በይ።”

“ሰይጣን?” አለች አጸደ። ቁራሹን አገልግሉ ላይ አስቀመጠችው። “እኔን አላችሁ፤ እኔ ስቀር ብዙነሽን አላችሁ፤ አሁን ደግሞ እሱን? እሱ እርሾዬን ደጅ አውጥቶ ደፋ? እሱ ጽዋዬን ረግጦ ወጣ? አቶ ገብረየስ፣ ‘እኔ ተሳሳትሁ’ ለማለት እኮ ሦስተኛ ሰው አያስፈልግም።”

ማንም አልሳቀም። እማሆይ ዘርትሁን በትራቸውን ተደግፈው እየተነሡ ዙሪያቸውን የቆመውን ሰው አንድ በአንድ አዩትና፣ ለሙሴውም ለግራዝማችም ሳይሆን ለደጀ ሰላሙ እንደሚናገሩ ሁሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ እንዲህ አሉ፦ “ደሙ ከድዱ፣ በጎረቤት ፈረዱ።”