የወይዘሪት ቡችላ

በአንድ ወቅት፣ ውሻ ማሳከም ገና የጥጋብ ምልክት ተደርጎ በሚታይበት ጊዜ፣ ጋሽ መንበሩ የሚባሉ ጡረተኛ ዘበኛ ነበሩ። ባለቤታቸው እትዬ ውድነሽ ነፍሳቸው ልትወጣ ስትል «ወይዘሪትን አደራ» ብለው አረፉ። ወይዘሪት ውሻቸው ናት። ሦስቱ ልጆች የማናቸውም ስም አለመጠራቱን እስከ ዛሬ አልረሱም።

ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ወይዘሪት ጡቷ ላይ እጢ ወጣባት። የእንስሳት ሐኪሟ መርምራ፣ «ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል። ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ምግብ እንዳትቀምስ፤ ደንዝዛ ካስመለሳት ትታፈናለች። ከዚያ በኋላ ደግሞ ስፌቱን እንዳትነካው አደራ» አለች። ጋሽ መንበሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰሙ። ስለ ሚስታቸው ሕመም ይህን ያህል ያስረዳቸው ሐኪም አልነበረም።

ታላቁ ልጅ ልሳኑ ወይዘሪትን ማስጾሙን ያዘ። ሳህኗን ከፍ አድርጎ ሰቀለ፤ አጥንት ይዛ የመጣች ጎረቤት እንኳ ከደጅ ተመለሰች። ወይዘሪት ወደ ሳህኑ አንጋጣ ስታላዝን ጋሽ መንበሩ አንጀታቸው አልችል አለ።

«ቁራሽ ብቻ፣ ልጄ።»

«አባዬ፣ ቁራሹ ነው የሚገድላት።»

እሱም እስክትነቃ ድረስ እህል አልቀመሰም። ዐቢይ ጾምን አንድም ቀን ጾሞ የማያውቅ ሰው ለውሻ ጾመ ተብሎ ሰፈሩ ጉድ አለ። ቀዶ ጥገናው ግን ሰመረ።

ሁለተኛዋ ጥሩነሽ ማስታመሙን ያዘች። ፀጉር ቤቷን ዘጋች። ወይዘሪት ቁስሏን እንዳትልስ አንገቷ ላይ እንደ ጥሩንባ አፍ የሰፋ ፕላስቲክ ታስሮላት ነበርና ውሃውን በእፍኟ አጠጣቻት፤ ለሽንት ተሸክማ አወጣቻት፤ ክኒኑን በጉበት ጠቅልላ አጎረሰቻት። ታማሚ ነችና ሰፈርተኛውም ሊጠይቅ መጣ።

«እግዜር ይማርሽ፣ ጥሩንባ ነፊዋ!» አሉ አንድ ጎረቤት እየሳቁ። ወደ ጥሩነሽም ዞረው፣ «እኛ ስንታመም እንዲህ ያለች አስታማሚ የት ነበረች?»

ጥሩነሽ ውሃውን በእፍኟ ማጠጣቷን ቀጠለች። እናቷ ስትታመም ፀጉር ቤቱ ክፍት ነበር።

በአራተኛው ቀን የእትዬ ውድነሽ ሙት ዓመት ደረሰ። ሁሉም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ወይዘሪትን የሚጠብቃት ትንሹ ልጅ ማንደፍሮ ቀረ። እትዬ ውድነሽ ካረፉ ወዲህ ወይዘሪት አፍንጫዋን በነጠላቸው ካልቀበረች እንቅልፍ አይወስዳትም። አሁን ግን ነጠላው ፊቷ ተዘርግቶ ፕላስቲኩ አላስደርስ አላት። ትገፋለች፣ ፕላስቲኩ ወለሉን ይፍቃል፤ ደግሞ ትገፋለች። ማንደፍሮ ፈታላት። አፍንጫዋን ነጠላው ውስጥ ከተተች፤ ከታመመች ለመጀመሪያ ጊዜም ጅራቷን ቆላች። ወዲያው ለዝክሩ ደጅ ከተጣለው ድንኳን «እንግዳ መጣ!» ተብሎ ተጠራና በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ።

በዚህ መሃል ጋሽ መንበሩ የረሱትን ጧፍ ሊወስዱ ተመለሱ። በሩን ገፋ ቢያደርጉ ወይዘሪት ፕላስቲኩ ከአንገቷ ወልቆ፣ በነጠላው ላይ ተኝታለች። የሐኪሟ ቃል ጆሯቸው ውስጥ ነበር። ዳሩ ግን ውድነሽ በሕይወት ሳሉ፣ እግራቸው ሥር እንዲሁ ነበር የምትተኛው። እንዳትነቃ ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ማንም አላያቸውም። ማንደፍሮም ሲመለስ የተዘጋውን በር አይቶ «ተኝታለች» አለና እንግዳውን ማስተናገድ ቀጠለ።

ዝክሩን ቀምሰው ሲገቡ ወይዘሪት ስፌቱን በጥርሷ ፈትታዋለች። ነጠላው ደም ጠጥቶ፣ ትንፋሿም ቆሞ ነበር። አፍንጫዋ ግን ከዚያው ከነጠላው አልወጣም።

ባለፈው ክረምት ከወለደቻቸው አንዲት ቡችላ ቀርታለች፤ እንደ እናቷ አንድ ጆሮዋ ነጭ ነው። ሦስቱም ለእኔ ትገባለች አሉ።

«እኔ ባልጾም ከቀዶ ጥገናው አልጋ ላይ አትነሳም ነበር» አለ ልሳኑ።

«ሦስት ቀን ያኖራት ይህ እጅ ነው» አለች ጥሩነሽ።

«እናንተ ሕይወት ሰጣችኋት። የናፈቃትን የጠየቃት ግን ማን ነው?» አለ ማንደፍሮ፣ እንባው እየወረደ።

ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ተቀመጡ፤ ሦስት ጊዜ በልተው፣ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ሰጥተው ተነሡ። በመጨረሻም «አባት ይፍረድ» አሉ። ጋሽ መንበሩ ግን ቡችላዋን በጋቢያቸው ሸፍነው ይቀመጣሉ፤ በር ሲዘጋ በሰሙ ቁጥር ይደነግጣሉ፤ ፍርድ አይሰጡም።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፦ ቡችላዋ ለማን ትገባለች? ለጾመላት፣ ላስታመመቻት፣ ለፈታላት? ወይስ አሁን በጋቢያቸው ውስጥ ይዘዋት ለተቀመጡት፣ በሩን ቀስ አድርገው ለዘጉት ሽማግሌ?